ታሪኩ መንዝ፣ ምስሉ ሮም፦ በሁለት አገር መካከል የሚሠራ ዘጋቢ ፊልም

ስለ ኢትዮጵያ ያለፈ ዘመን ዘጋቢ ፊልም ለመሥራት የሚነሣ ባለሙያ ካሜራውን ገና ከመያዙ በፊት የሚገጥመው ትልቁ ችግር ታሪኩ የተፈጸመበት፣ ማስረጃው የተቀመጠበትና ለሥራው የሚያስፈልገው ገንዘብ የሚገኝበት ቦታ የተለያየ መሆኑ ነው። ለዚህ ከሰሜን ሸዋ ደጋ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር በመንዝ ምድር ዘረት በተባለው ስፍራ የሚገኘውንና የአገሬው ሰው አመፀኛ ዋሻ የሚለውን ሰፊ ዋሻ ከበበ፤ በውስጡም የራስ አበበ አረጋይ የትግል አጋር የነበሩት የተሾመ ሻንቁጥ ተከታዮች ከሴቶች፣ ከሕፃናትና ከቁስለኞች ጋር ተጠልለው ነበርና ጦሩ የመርዝ ጋዝ ተጠቅሞ ካስጨነቃቸው በኋላ እጃቸውን ከሰጡት መካከል ወንዶቹን በጥይት ረሸነ። የሟቾቹ ቁጥር ዛሬም ተመራማሪዎችን የሚያከራክር ቢሆንም በብዙ መቶዎች የሚቆጠር መሆኑ አያጠያይቅም።

ይህን እልቂት የመንዝ ሰው ሲያወራው ቢኖርም፣ በውጭው ዓለም በሰፊው የታወቀው ማቴዮ ዶሚኒዮኒ የተባለው ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ ሮም በሚገኘው የጦር ኃይሉ የታሪክ መዝገብ ቤት ሰነዶችን አግኝቶና ቦታው ድረስ ሄዶ አይቶ በ2006 ይፋ ካደረገው በኋላ ነው (ከዚህ በታች ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የተጻፈ ነው)። ከዚያም ስፔናዊው የአርኪዮሎጂ ባለሙያ አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ-ሩይባል ከኢትዮጵያዊው ዮናታን ሣህሌና ከሌላ ባልደረባቸው ጋር ዋሻውን አጥንተው ውጤቱን በ2011 አሳተሙ። እንግዲህ ይህን ታሪክ በፊልም መናገር የሚፈልግ ሰው ምስክሩንና መልክዓ ምድሩን መንዝ፣ የጦር ሠራዊቱን ደብዳቤና ትእዛዝ ሮም፣ ገንዘቡን ደግሞ ሁለቱም ባልሆነ ሦስተኛ ቦታ መፈለግ ግድ ይለዋል። በሁለት አገር መካከል የሚኖር ዘጋቢ ፊልም ሠሪ የሚባለው ሰው የሚፈጠረው ከዚህ ዓይነቱ መበታተን እንጂ ከመዘዋወር ፍቅር አይደለም።

ዘጋቢ ፊልም የሚባለው በደራሲ የተፈጠሩ ገጸ ባሕርያትን ተዋናዮች የሚጫወቱበት ሳይሆን በእውን የነበሩ ሰዎች፣ ቦታዎችና ድርጊቶች በምስልና በድምፅ ተመዝግበው፣ ተመርጠውና ተቀናብረው የሚቀርቡበት የፊልም ዓይነት ነው። «ነጻ» ወይም «ገለልተኛ» የሚለው ቅጽል ሲጨመርበት ደግሞ ሥራው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ከቴሌቪዥን ጣቢያ ወይም ከትልቅ የፊልም ኩባንያ ትእዛዝ ውጭ የሚሠራ፣ የመጨረሻውን መልክ የመወሰን ሥልጣንም በሠሪው እጅ የቀረ መሆኑን ያመለክታል። ይህ ሥልጣን የመጨረሻ ቅንብር መብት ይባላል፤ ሌሎቹ የሙያው ችግሮች ሁሉ፣ ገንዘቡም ጊዜውም ስርጭቱም፣ ዞረው ዞረው የሚመለሱት ወደዚህ መብት ነው። ምክንያቱም ገንዘብ የሚሰጥ ወገን ብዙውን ጊዜ መብቱን በከፊል ይጠይቃል፣ መብቱን አሳልፎ የማይሰጥ ሠሪ ደግሞ ገንዘቡን በራሱ መንገድ መፈለግ ይኖርበታል።

ይህን ምርጫ እስከ መጨረሻው የገፉበትና ሕይወታቸውም የዚህ ሙያ ማስረጃ ሊሆን የሚችል ኢትዮጵያዊ ኃይሌ ገሪማ ናቸው። በ1946 ጎንደር የተወለዱት ኃይሌ አባታቸው ገሪማ ታፈረ የቴአትር ሰው ከመሆናቸውም በላይ ስለ አርበኞች ተጋድሎ የሚተርከውን «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለውን መጽሐፍ የጻፉ ነበሩ፤ በመሆኑም የጣሊያን ወረራ ጉዳይ ለልጁ ከትምህርት ቤት ይልቅ ከቤት የተገኘ ርእስ ነበር ማለት ይቻላል። በ1967 ቴአትር ለማጥናት ቺካጎ ወደሚገኘው የጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ሄዱ፤ በ1970 ደግሞ ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግረው በዚያ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ትምህርት ጀመሩ። በዚያ ዘመን በዚያ ዩኒቨርሲቲ ቻርልስ በርኔት፣ ጁሊ ዳሽና ሌሎችም ጥቁር ተማሪዎች የሆሊዉድን የአተራረክ ልማድ ትተው የየሕዝባቸውን ኑሮ በራሱ አነጋገርና ፍጥነት ለማሳየት ይጥሩ ነበር፤ የፊልም ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ስብስብ በኋላ «የሎስ አንጀለስ ዐመፅ» ብለው ሰየሙት። ኃይሌ ከስብስቡ ዋነኞች አንዱ ሲሆኑ፣ ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር አብሮ መማሩና መሥራቱ ለኋላ ሥራቸው ሁለተኛ አገር ሰጥቷቸዋል።

የትምህርት ዘመናቸው ሳያበቃ፣ በ1974 ክረምት ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ባለ ጥቁርና ነጭ ፊልም በሁለት ሳምንት ገደማ ቀረጹ። ወቅቱ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በመፍረስ ላይ የነበረበት፣ ደርግም ሥልጣን ለመያዝ በሳምንታት የሚቆጠር ጊዜ የቀረው ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚረዝመው ይህ ፊልም የተፈጠረ ታሪክ ያለው ቢሆንም ጢሰኛ ገበሬዎችን በገዛ ማሳቸውና በገዛ ሥራቸው ላይ ስለሚያሳይ ብዙ ሰዎች በከፊል ዘጋቢ ፊልም አድርገው ይቆጥሩታል፤ ዛሬ የሚታየውም ያ ሥርዓተ ማኅበር ሊጠፋ ጥቂት ወራት ሲቀሩት የተነሣ የመጨረሻ ምስል ሆኖ ነው። የመሬት አዋጁ በ1967 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ማንም ተመልሶ ሊቀርጸው አይችልም ነበር። ፊልሙ በ2006 ጣሊያን ቦሎኛ ውስጥ ታድሶ በዚያው ዓመት በካን ፌስቲቫል የድሮ ፊልሞች መርሐ ግብር ታይቷል።

አሁን በስልክ ሰዓታትን መቅረጽ ለለመደ ትውልድ፣ ያኔ ፊልም መቅረጽ ምን ማለት እንደነበረ መግለጽ ያስፈልጋል። ነጻ ሠሪዎች ይጠቀሙበት የነበረው ባለ 16 ሚሊ ሜትር ጥሬ ፊልም በጥቅል የሚሸጥ ሲሆን፣ የተለመደው ባለ 400 ጫማ ጥቅል የሚቀርጸው 11 ደቂቃ ብቻ ነው። ለአንድ ደቂቃ የተጠናቀቀ ፊልም አሥር ደቂቃ የሚቀርጽ ሰው ለሁለት ሰዓት ተኩል ሥራ ከ130 በላይ ጥቅሎች ያስፈልጉታል፤ ጥቅሎቹም ተገዝተው፣ ብርሃን እንዳይነካቸው ተጠብቀው ተጓጉዘውና ተቀርጸው በላቦራቶሪ መታጠብ፣ ከዚያም ለቅንብር የሚሆን ቅጂ መውጣት አለበት። ቅንብር የሚባለው ከተቀረጸው መካከል የሚፈለገውን መርጦ፣ ቆርጦና በቅደም ተከተል ቀጥሎ ትርጉም ያለው ታሪክ ማድረግ ሲሆን በዘጋቢ ፊልም ውስጥ የድርሰቱ ዋና ክፍል የሚጻፈው እዚህ ላይ ነው። በሁለት አገር የሚሠራ ሰው ደግሞ ቀረጻውን በአንዱ፣ ማጠቡንና ቅንብሩን በሌላው ስለሚያደርግ አንድ ምስል እንደጎደለው የሚያውቀው ወደዚያ አገር ለመመለስ የአውሮፕላን ቲኬት ገንዘብ ከሌለው በኋላ ነው።

ኃይሌ ገሪማ ይህን ችግር የፈቱበት መንገድ ከፊልም ውጭ ቋሚ ሥራ በመያዝ ነበር። ከ1975 ጀምሮ ዋሽንግተን በሚገኘው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም አስተምረዋል፤ ከዚያ ትምህርት ክፍል እንደ አርተር ጃፋና ብራድፎርድ ያንግ ያሉ በዓለም የታወቁ የካሜራ ባለሙያዎች ወጥተዋል። ደመወዙ ቤተሰብ ይመግባል፣ የመጨረሻ ቅንብር መብትን ከገበያ ይጠብቃል፤ በአንጻሩም የፊልም ሠሪውን ዓመት ወደ ክረምት ዕረፍትና ወደ በዓላት ያጠባል። አንዳንድ ሐያሲዎች የነጻ ፊልም ሠሪዎችን ሥራ ብዛት ከኩባንያ ተቀጣሪዎች ጋር እያነጻጸሩ መዘግየታቸውን እንደ ድክመት ያነሣሉ፤ ነገር ግን ይህ ንጽጽር ትክክል አይደለም፣ ምክንያቱም አንደኛው ጊዜውን ለሥራው የሚያውለው ተከፍሎት ሲሆን ሌላኛው ለገዛ ሥራው ጊዜ የሚገዛው በሌላ ሥራ ነው።

ከዘጋቢ ሥራዎቻቸው የመጀመሪያው ትልቅ ፊልም በ1979 የወጣው «ዊልሚንግተን 10፣ ዩ.ኤስ.ኤ. 10,000» ነበር። በሰሜን ካሮላይና ግዛት ዊልሚንግተን በተባለች ከተማ በ1971 ከተነሣው የዘር ግጭት ጋር በተያያዘ አሥር ሰዎች በድምሩ የ282 ዓመት እስራት ተፈርዶባቸው የነበረ ሲሆን፣ ፊልሙ የተሠራው ጉዳዩ ገና በፍርድ ቤት ሳለ ነው፤ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን የሻረው በ1980 መጨረሻ ላይ፣ የግዛቲቱ አገረ ገዥ ይቅርታ የሰጡት ደግሞ በ2012 የመጨረሻ ቀን ነው። ይህ ፊልም የሚጠቅመው ኃይሌ ስለ አሜሪካ ሲሠሩ እንደ እንግዳ ተመልካች እንዳልሠሩ ለማሳየት ነው። በሁለት አገር የሚሠራ ሰው አንዱን አገር የገንዘብ ምንጭ፣ ሌላውን የታሪክ ምንጭ ብቻ ካደረገ ሥራው በፍጥነት ይደርቃል፤ ኃይሌ ግን በ1985 ስለ ገጣሚው ስተርሊንግ ብራውን ከተማሪዎቻቸው ጋር በሠሩት ዘጋቢ ፊልምም፣ በዊልሚንግተኑም ሁለተኛውን አገር እንደ ራሳቸው ጉዳይ ይዘውታል።

ከ«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በኋላ ወደ ኢትዮጵያ በፊልም እስኪመለሱ ሃያ ዓመት ገደማ አለፈ። በ1994 ለቢቢሲ የሠሩት «ያልተሟላ ጉዞ» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ የተሰጠው ዘጋቢ ፊልም ከፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ ጋር ከደርግ በኋላ ያለችውን ኢትዮጵያ እየተዘዋወሩ ያዩበት ነው። ካፑሽቺንስኪ ስለ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት በጻፈው መጽሐፍ በዓለም ዝናን፣ በብዙ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ደግሞ ቅሬታን ያተረፈ ሰው ስለነበረ የሁለቱ አብሮ መጓዝ ራሱ ስለ ኢትዮጵያ የመናገር ሥልጣን የማን ነው የሚለውን ጥያቄ ፊልሙ ላይ አስቀምጦታል። በ1999 የወጣው «ዐድዋ» ደግሞ ከዚህ የተለየ መንገድ የያዘ ነው፤ በ1888 ዓ.ም. የተገኘውን ድል የውጭ ምሁራን ማብራሪያ ዋና ሳያደርግ ከአገር ሽማግሌዎች ትረካ፣ ከዜማና ከባህላዊ ሥዕል ጋር አሰናስሎ ያቀርባል። የዐድዋ ጦርነት ተንቀሳቃሽ ምስል የሌለው በመሆኑ ሥዕሉና ቃሉ ያለ ተፎካካሪ ቦታውን ያዙ፤ የሁለተኛው ወረራ ጉዳይ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

በሁለተኛው ወረራ ጊዜ ካሜራ ነበረ፤ ካሜራው ግን የወራሪው ነበር። ሉቼ የተባለው የጣሊያን መንግሥት የፊልም ተቋም በ1924 የተመሠረተ ሲሆን፣ በ1935 ወረራው ሲጀመር ለምሥራቅ አፍሪቃ ራሱን የቻለ ክፍል አቋቁሞ ቀራጮቹን ከጦሩ ጋር አሰልፏል። ዛሬ በየቴሌቪዥኑ ስለ ማይጨው ዘመን የሚታየው ተንቀሳቃሽ ምስል አብዛኛው ከዚህ የተገኘ ነው። የማኅደር ምስል፣ ማለትም ቀድሞ ተቀርጾ በመዝገብ የተቀመጠ ምስል፣ የሚገኘው ከባለ መብቱ ፈቃድ በመግዛት ሲሆን፣ ክፍያውም በምስሉ ርዝመት፣ በሚታይበት አገር ብዛትና በፈቃዱ ዘመን ይሰላል። ስለዚህ አያቶቹ የተገደሉበትን ጦርነት ለልጆቹ ማሳየት የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ክፍያውን የሚፈጽመው ገዳዩ ላስቀረጸው ምስል ነው። ነገሩ በሕግ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በሌላ ሚዛን ሲታይ ግን ምስሉን ያለ ክፍያ ለተወረረው አገር መመለስ ከተዘረፈ ሐውልት መመለስ ተለይቶ የሚታይበት ምክንያት የለም።

ገዝቶ ማሳየቱም ቢሆን ሁሉን አይፈታም። የሉቼ ካሜራ መንገድ ሲሠራ፣ ሰንደቅ ሲሰቀል፣ ባላባት እጅ ሲነሣ ይቀርጻል እንጂ የመርዝ ጋዝን አያሳይም፤ ጣሊያን የጋዝ መሣሪያን የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ስምምነት በ1928 ያጸደቀች በመሆኗ የማይቀረጸው ነገር ምን እንደሆነ በደንብ ይታወቅ ነበር። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙ በኢትዮጵያ ላይ መጣሉን በይፋ ያመነው በ1996 ነው። እንግዲህ ዘረትን የመሰለ ታሪክ የሚሠራ ሰው ምስል የሌለውን ነገር በዋሻው ድንጋይ፣ በሰነዱ ቃልና በሰው ትዝታ መሙላት አለበት ማለት ነው። ኃይሌ ገሪማ ለአሥርት ዓመታት የደከሙበትና ጥቁር አንበሶችንና የሮማ ተኩላዎችን በርእሱ የሚያነጻጽረው ሰፊ ዘጋቢ ሥራ የሚያጠነጥነው በዚህ ዘመን ላይ ሲሆን፣ ርዝመቱና የወሰደው ዘመን የሚገባው የማስረጃውን አቀማመጥ ላወቀ ሰው ብቻ ነው።

ፊልም ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ደግሞ ስርጭት ይመጣል። ስርጭት ማለት ፊልሙ በሲኒማ ቤት፣ በቴሌቪዥን፣ በትምህርት ቤትና በግል ተመልካች እጅ እንዲደርስ የማድረግ ንግድ ሲሆን፣ በአብዛኛው በጥቂት ኩባንያዎች የተያዘ ነው። ኃይሌና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና፣ እርሳቸውም ዘጋቢ ፊልም ሠሪ ናቸው፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የራሳቸውን የማከፋፈያ ድርጅት አቋቋሙ። በ1993 የወጣውና ስለ ባሪያ ንግድ የሚተርከው «ሳንኮፋ» በበርሊን ፌስቲቫል ቀርቦ ሳለ የአሜሪካ አከፋፋዮች ሳይቀበሉት ሲቀሩ፣ ሁለቱ ሲኒማ ቤት በራሳቸው ገንዘብ ተከራይተው፣ ቲኬቱንም ራሳቸው ሸጠው ከከተማ ወደ ከተማ አዞሩት፤ ወረፋው ለሳምንታት ቀጠለ። በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻ ላይም ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በጆርጂያ ጎዳና ላይ በፊልሙ ስም የተሰየመ መጽሐፍና ቪዲዮ የሚሸጥበት ቡና ቤት ከፈቱ፤ ቦታው እስከ ዛሬ የዋሽንግተን አበሻና ጥቁር አሜሪካዊ የሚገናኝበት ነው። ስለ ነጻ ፊልም የሚጻፉ መጻሕፍት ስለ ካሜራ አያያዝ ብዙ ሲሉ ስለ እንዲህ ዓይነቱ ሱቅ የሚሉት ጥቂት ነው፤ የኃይሌን ሥራ በሕይወት ያቆየው ግን ከማናቸውም ሽልማት ይልቅ ይህ የገዛ ገበያ መሆኑ ግልጽ ነው። ሽልማቱም አልቀረም፤ በ2008 «ጤዛ» በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትን፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት አገኘ፤ በ2021 የአሜሪካ ፊልም አካዳሚ ሙዚየም አክብሯቸዋል። «ጤዛ» እስኪጠናቀቅ የወሰደው ጊዜ ግን አሥራ አራት ዓመት ነበር።

በዚህ መንገድ የሄዱት ኃይሌ ብቻ አይደሉም። ሳሌም መኩሪያ ቦስተን በሚገኘው የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ «ኖቫ» በተባለው የሳይንስ መርሐ ግብር ከሠሩ በኋላ በማሳቹሴትስ የዌልስሊ ኮሌጅ መምህርት ሆነው ነጻ ዘጋቢ ፊልሞችን ሠርተዋል። በ1991 «ስደት» በተሰኘው ሥራቸው ሱዳን ውስጥ የተሰደዱ ሴቶችን ኑሮ፣ «የወንዝ ማዕበል» በተሰኘው ደግሞ በአብዮቱ ዘመን ያጧቸውን ወንድማቸውንና የልብ ጓደኛቸውን ታሪክ ተርከዋል፤ በ2003 በቬኒስ የጥበብ ትርኢት የቀረበው ሥራቸው በሦስት ጎን ለጎን የቆሙ ስክሪኖች ላይ የሚታይ ሲሆን የአንድን አገር ታሪክ በአንድ ዓይን ብቻ ማየት እንደማይቻል በአሠራሩ ይናገራል። የኃይሌ ድምፅ ሰፊና አደባባያዊ ሲሆን የሳሌም ሥራ ወደ ቤተሰብ ሐዘን ያዘነብላል፤ የሁለቱም ኑሮ መሠረት ግን የአስተማሪ ወንበር መሆኑን ማስተዋል ይገባል። ከእነርሱ በኋላ የመጣው ትውልድም ርእሱን ከቤተሰቡ ጀምሯል፦ ካናዳ ያደገችው ታማራ ዳዊት በ2020 በወጣው ፊልሟ በአብዮቱ ዘመን ደብዛዋ የጠፋውን አክስቷን ፈልጋለች፤ ልጅነቷን በሐረር ያሳለፈችው ጄሲካ በሽር ደግሞ በ2021 በሰንዳንስ ፌስቲቫል የቀረበውን ስለ ጫትና ስለ ወጣቶች ስደት የሚናገረውን «ፋያ ዳዪ»ን ለመሥራት አሥር ዓመት ያህል በአሜሪካና በሐረር መካከል ተመላልሳለች።

በዚሁ በወረራው ርእስ ላይ ከሌላው ወገን የተነሣም አለ። ሮም ተወልዶ በኒው ዮርክ የሚሠራው ቫሌሪዮ ቺሪያቺ በ2012 አፊሌ በተባለች የጣሊያን ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሲሠራ የተነሣውን ክርክር ተከትሎ በጣሊያን፣ በኢትዮጵያና በአሜሪካ የተቀረጸ ዘጋቢ ፊልም በ2015 አውጥቷል፤ ለሥራውም ከብዙ ሰዎች በኢንተርኔት ጥቂት ጥቂት ገንዘብ አሰባስቧል። ግራዚያኒ በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት እንዲገደሉ ያዘዘው ሰው መሆኑን የሰሜን ሸዋ አንባቢ ማስታወስ አያስፈልገውም፤ የጣሊያን ተመልካች ግን ያስፈልገዋል፣ የቺሪያቺ ፊልም ጥቅምም እዚያ ላይ ነው። ኢትዮጵያዊው ሠሪ የሚሠራው ፊልም ለራሱ ሕዝብ ትዝታን ሲያጸና ጣሊያናዊው ለራሱ ሕዝብ ዝምታን ይሰብራል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

የሕግ ጉዳይም አለ። የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ጣምራ ዜግነትን ስለማይፈቅድ፣ የሌላ አገር ፓስፖርት የያዘ ሠሪ በተወለደበት መንደር ለመቅረጽ እንደ ውጭ ዜጋ የሚቆጠርበት አጋጣሚ አለ፤ በ1994 ዓ.ም. የወጣው የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ አዋጅ ብዙ ነገር ቢያቃልልም የቀረጻ ፈቃድ፣ የካሜራ ዕቃ የጉምሩክ ጣጣና የአካባቢ አስተዳደር ደብዳቤ አሁንም የሥራው አካል ናቸው። ዘጋቢ ፊልም ከወረቀት ሥራ ነጻ ሆኖ አያውቅም።

ወደ መንዝ ስንመለስ፣ ደጋው ካሜራ ያላየው አይደለም። የጓሳን ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የውጭ ተመራማሪዎችና ፎቶ አንሺዎች ለዓመታት ተከታትለዋቸዋል፤ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔትም በ2017 የጓሳን ጭላዳዎች በሰፊው አውጥቷል። ይህ መልካም ነው። ሆኖም ጭላዳው እንዲተርፍ ያደረገው የሰው ሥርዓት፣ ማለትም የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገሳና ለገመድ ሲል ለዓመታት ዘግቶ፣ በወቅቱ ደግሞ በጋራ ከፍቶ የሚያጭድበትና በመቶዎች የሚቆጠር ዓመት የዘለቀው የጥበቃ ሥርዓት፣ በመሬት አዋጁ ከፈረሰ በኋላ በሌላ መልክ እንዴት እንደቀጠለ የሚተርክ ፊልም ቢሠራ ከዝንጀሮው የሚያንስ ርእስ አይሆንም ነበር። በግ አርብቶ፣ ሱፍ ፈትሎና ባና ሠርቶ የሚኖር ደገኛ፣ በመርሐቤቴ በኩልም ወደ ጀማ ሸለቆ ቁልቁል የሚወርድ ገበሬ፣ ስለ ራሱ ኑሮ የሚያውቀውን በራሱ አማርኛ ሲናገር ያለ አስተርጓሚ የሚሰማው ቀራጭ ያስፈልገዋል። ዶናልድ ሌቪን በ1950ዎቹ መጨረሻ መንዝን አጥንቶ በ1965 ያሳተመው መጽሐፍ የአማራን ባህል ለዓለም ምሁራን ያስተዋወቀ ነበር፤ በፊልም ግን የዚያን ያህል የሚጠቀስ ሥራ ደጋው ገና አላገኘም።

እዚህ ላይ በሁለት አገር የሚሠራ ፊልም ከሚወቀስባቸው ነገሮች ዋናው መነሣት አለበት። የገንዘቡ ምንጭና የፌስቲቫሉ ተመልካች ውጭ ስለሆነ ፊልሙ ሲቀናበር ማብራሪያው የሚጻፈው ለውጭ ተመልካች ነው፤ ፆም ምን እንደሆነ ይነገራል፣ ማኅበር ምን እንደሆነ ይነገራል፣ ለመንዝ ሰው አዲስ የሆነው ነገር ደግሞ ጊዜ ጠፍቶ ይቆረጣል። ከዚያም ፊልሙ በፓሪስና በኒው ዮርክ ታይቶ፣ ተወድሶና ተሸልሞ የተቀረጸበት ወረዳ ሳይደርስ ይቀራል። የኃይሌ ገሪማ «ዐድዋ» ከዚህ ወቀሳ በከፊል የሚያመልጠው ንግግሩና ዜማው በቅድሚያ ኢትዮጵያዊ ጆሮ የሚሰማው ሆኖ ስለተሠራና የውጭው ሰው በግርጌ ጽሑፍ እንዲከተል ስለተተወ ነው። ይህ አሠራር የውጭ ገበያን ሊያጠብ ቢችልም ትክክለኛው ነው፤ በሁለት አገር የሚሠራ ሰው ከሁለቱ አንዱን ማስቀደም ካለበት የሚቀድመው ድምፁን ያዋሰው ሕዝብ መሆን ይገባዋል።

መፍትሔው በሠሪዎቹ ትከሻ ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም። ከዚህ በላይ የተጠቀሱት ፊልሞች አንዳንድ ቅጂ በአዲስ አበባው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲና በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌና በዓለም ከተማ ትምህርት ቤቶች ቢገኝ፣ የጣሊያን መንግሥትም የሉቼን ምስል ለኢትዮጵያ የትምህርት አገልግሎት ያለ ክፍያ ቢሰጥ፣ ወጪው ከአንድ አጭር ፊልም ወጪ አይበልጥም። እስከዚያው ግን ጊዜ አይጠብቅም፤ በ1931 ዓ.ም. የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ የመንዝ ሰው በሕይወት ካለ ዕድሜው ከዘጠና አምስት አልፏል። ስለዚህ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ያላችሁ ወጣቶች፣ የዘመኑን ነገር በዓይናቸው ያዩ ወይም ካዩት አፍ የሰሙ ሽማግሌዎችና እናቶች በቤታችሁ ካሉ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ በስልካችሁ ቅረጹ፤ ከንግግሩ በፊት ስማቸውን፣ ቀበሌያቸውንና ቀኑን እንዲናገሩ አድርጉ፤ አንዱን ቅጂ ለቤተሰብ፣ አንዱን ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስቀምጡ።